ሁለቱ ተቀባባዮችና በመካከላቸው ያለው ክፍተት
የራዲዮን ድምፅ እንዴት እየጠራ እንደ መጣ የሚገልጽ አጭር ታሪክ

በባሌ ደጋ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። የራዲዮን ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ድምፁ በአንድ ጊዜ አይጠፋም። አስቀድሞ ይሻክራል። ቀጥሎም ዜና አንባቢው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይሰማል፥ ዝቅ ሲያደርግ ግን ቃሉ ይቈራረጣል። በመጨረሻ የሚንተባተብ ሰው ይመስላል። በዚህ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ድንጋዮቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል፤ ቈይቶ መልሶ ሲከታቸው ራዲዮኑ ለጥቂት ጊዜ ደኅና አድርጎ ይናገራል።

ይህን መድኃኒት ወላጆቻችን ከእኛ አስቀድመው ያውቁታል። ምክንያቱን ግን እኛም ብንሆን በፊዚክስ ክፍል ስለ ትራንዚስተር እስከ ተማርንበት ጊዜ ድረስ ጠይቀን አናውቅም ነበር። ከመንተባተቡ ዋና ምክንያቶች አንዱ መሐንዲሶች «ክሮስኦቨር ዲስቶርሽን» የሚሉት ነው፤ እኛ በቋንቋችን የመቀባበያ መዛባት ብለን እንጠራዋለን። ይህን መዛባት ለመቀነስ የተደረገው ጥረት ከመቶ ዓመት በላይ የሚሸፍን ታሪክ አለው። ታሪኩን በዚህ መጽሔት ለመጻፍ ያሰብነው የሩቅ አገር ጠቢባንን ለማድነቅ ብቻ ሳይሆን፥ ነገሩ የራሳችንን ቤት የሚነካ ስለ ሆነ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን ዓ.ም. የሚለውን ጨምረናል።

፩፤ ነገሩ ምንድን ነው?

ድምፅ በኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ በሞገድ መልክ ይሄዳል። ይኸውም ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፥ ተመልሶ ዜሮን አቋርጦ ወደ ታች ይወርዳል፥ ዳግመኛም ይወጣል። አምፕሊፋየር ማለት ደካማውን ሞገድ ተቀብሎ፥ መልኩን ሳይለውጥ፥ ስፒከርን ለማንቀሳቀስ የሚበቃ ኀይል የሚሰጠው መሣሪያ ነው።

ሥራው በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። የመጀመሪያው መንገድ አንድ ሠራተኛ፥ ማለት አንድ ቫልቭ ወይም አንድ ትራንዚስተር፥ የሞገዱን ላይኛውንም ታችኛውንም ክፍል ብቻውን እንዲሠራ ማድረግ ነው። ይህ ክላስ ኤ ይባላል። ድምፁ ንጹሕ ይሆናል። ነገር ግን ሠራተኛው ወደ ላይም ወደ ታችም ለመሄድ እንዲችል ሁልጊዜ በመካከል ቦታ ላይ ሸክሙን ተሸክሞ መቆም አለበት። ስለዚህ ማንም በማይናገርበት ጊዜ እንኳ ባትሪውን ይበላል። በስሌት እንደሚታወቀው፥ ክላስ ኤ ከሚበላው ኀይል ውስጥ ወደ ድምፅ የሚለውጠው ቢበዛ ከመቶ 50ውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሥራውን ለሁለት ማካፈል ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ጫፍ ይዘው የሚስቡትን ረጅም መጋዝ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አንዱ ወደ ራሱ ሲስብ ሌላው ያርፋል፤ ከዚያ ሌላው ሲስብ የመጀመሪያው ያርፋል። በአምፕሊፋየርም አንዱ የሞገዱን ላይኛ ግማሽ፥ ሁለተኛው ታችኛውን ግማሽ ይሠራል። አደራረጉ ፑሽፑል ይባላል። እያንዳንዱ በተራው ብቻ ሠርቶ በቀረው ጊዜ ፈጽሞ የሚያርፍ ሲሆን ክላስ ቢ ይባላል። በዚህ ዘዴ ቢበዛ ከመቶ 78.5 የሚሆነው ኀይል ወደ ድምፅ ይለወጣል። ለምሳሌ ግማሽ ዋት ድምፅ ለማውጣት ክላስ ኤ ያለ ማቋረጥ ቢያንስ 1 ዋት ይበላል፤ ክላስ ቢ ግን ድምፁ ከፍተኛ በሆነበት ጊዜ 0.64 ዋት ያህል፥ ዝም ባለ ጊዜ ደግሞ ምንም ያህል አይበላም። ባትሪ ድንጋይ በገንዘቡ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ይሁን እንጂ ለዚህ ቍጠባ የሚከፈል ዋጋ አለ። ትራንዚስተር የተወሰነ ቮልቴጅ እስኪደርሰው ድረስ ከረንት አያሳልፍም፤ ከጀርማኒየም የተሠራው 0.2 ቮልት ገደማ፥ ከሲሊከን የተሠራው 0.6 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ ሞገዱ በዜሮ አጠገብ ሲያልፍ፥ አንደኛው ሥራውን ጨርሷል፥ ሁለተኛው ገና አልነቃም። መጋዙ በሁለቱ መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ያለው የሞገዱ ክፍል ተቈርጦ ይቀራል።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፥ የሚቈረጠው ክፍል ለትልቁም ለትንሹም ሞገድ መጠኑ አንድ መሆኑ ነው። ከትልቅ ሞገድ ላይ ትንሽ ቢቈረጥ ብዙም አይታወቅም፤ ከትንሽ ሞገድ ላይ ያው መጠን ሲቈረጥ ግን የሚተርፍ የለም። ዜና አንባቢው ሲጮኽ የሚሰማው፥ ድምፁን ሲቀንስ ቃሉ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ ሁለቱንም ሠራተኞች ተራቸው ሳይደርስ በጥቂቱ ማንቃት ነው። ለዚህ የሚሰጠው አነስተኛ መነሻ ቮልቴጅ ባያስ ይባላል። በርካሽ ራዲዮኖች ውስጥ ባያሱ የሚገኘው ከዚያው ከባትሪው በሬዚስተሮች ተከፋፍሎ ነው። ስለዚህ የአራቱ ድንጋዮች 6 ቮልት ወደ 4 ቮልት ሲወርድ፥ 0.15 ቮልት የነበረው ባያስ ወደ 0.10 ይወርዳል፤ የተዘጋው ክፍተትም መልሶ ይከፈታል። ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካል ለጥቂት ጊዜ ይፈጥናል፥ ቮልቴጁም ትንሽ ከፍ ይላል፥ ባያሱም አብሮ ይነሣል። የአባቶቻችን መድኃኒት ምሥጢሩ ይህ ነው።

፪፤ ከቴሌፎን መስመር የመጣ ጥንድ

የታሪኩ መነሻ ራዲዮን ሳይሆን ቴሌፎን ነው። በሽቦ የሚሄድ ድምፅ መንገዱ በረዘመ ቍጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ስለዚህ በየመንገዱ እንደገና የሚያበረታው መሣሪያ ያስፈልገዋል። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ኦዲዮን የተባለውን ቫልቭ ሠራ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በጥር 25 ቀን 1915፥ ኒው ዮርክንና ሳን ፍራንሲስኮን የሚያገናኘው የቴሌፎን መስመር በቫልቭ እየታገዘ በይፋ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኤድዊን ኮልፒትስ የተባለ መሐንዲስ ሁለት ቫልቮች በፑሽፑል የሚሠሩበትን አምፕሊፋየር የሚመለከት የፈጠራ መብት አገኘ።

በዚያን ጊዜ ሁለቱ ቫልቮች የተጣመሩት ኀይል ለመቈጠብ አልነበረም። አንዱ ቫልቭ የሚያበላሸውን የሞገዱን መልክ ሌላው በተቃራኒው ስለሚያበላሸው፥ ሁለቱ ሲደመሩ ከብልሽቱ ከፊሉ ይጠፋፋል። ሁለቱም ሁልጊዜ ነቅተው ስለሚሠሩ በመካከላቸው ክፍተት አልነበረም። ክፍተቱ የመጣው በኋላ፥ ሰዎች አንዱ ሲሠራ ሌላው ይረፍ ባሉ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጥንዱ የተፈጠረው ለጥራት፥ ችግሩ የተወለደው ከቍጠባ ነው ለማለት እንችላለን።

፫፤ በጀልባ ላይ የተጻፈው ሐሳብ

ቴሌፎን በብዙ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ሲያልፍ የእያንዳንዱ ስሕተት በሚቀጥለው ላይ ይጨመራል። በቤል ላቦራቶሪ የሚሠራው ወጣቱ ሃሮልድ ብላክ ቫልቮቹን በማሻሻል ችግሩን ለማስወገድ ለዓመታት ደከመ፤ አልሆነለትም። በነሐሴ 2 ቀን 1927 ጧት ወደ ሥራው ሲሄድ፥ የሐድሰንን ወንዝ በሚያሻግረው ጀልባ ላይ ሳለ ሌላ ሐሳብ መጣለት። በእጁ በያዘው በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ገጽ ላይ ሐሳቡን ወዲያው ጻፈው።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ከሚወጣው ድምፅ ጥቂቱን ወደ መግቢያው መልሶ፥ በተቃራኒው ከገባው ጋር ማነጻጸር ነው። ልዩነት ከተገኘ ልዩነቱ ስሕተት ነው፤ አምፕሊፋየሩም ያንን ስሕተት ለመሻር ራሱን ያርማል። የቃል ጥናቱን የሚያነብ ተማሪ፥ መምህሩ መጽሐፉን ይዞ ከፊቱ ሲቀመጥ እንደሚታረም ያለ ነው። ዘዴው ኔጌቲቭ ፊድባክ ይባላል፤ ዛሬ ግብረ መልስ የምንለው ነው። ብላክ በአብዛኛው የአምፕሊፋየሩን ኀይል ሠውቶ ጥራትን ገዛ። ነገሩ ለዘመኑ ሰዎች እንግዳ ስለ ነበረ የፈጠራ መብቱ የተሰጠው ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ በ1937 ነው።

ግብረ መልስ የመቀባበያ መዛባትንም በጣም ይቀንሳል። ነገር ግን አንድ ወሰን አለው። ሁለቱም ሠራተኞች ፈጽመው ባንቀላፉበት ቅጽበት አምፕሊፋየሩ ኀይል የለውምና፥ መምህሩ ቢያርምም የሚሰማው ተማሪ የለም። እርማቱ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ በጣም ይደክማል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ግብረ መልስ ባያስን የሚረዳ እንጂ የሚተካ አልሆነም።

፬፤ ገበሬውና የራዲዮን ጣቢያው

በ1931 ሎይ ባርተን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ክላስ ቢ ለድምፅ ሥራ እንደሚውል፥ በትንንሽ ቫልቮችም ትልቅ ኀይል ማውጣት እንደሚቻል በጽሑፍ አስረዳ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ገጠር ኤሌክትሪክ ያልደረሳቸው ገበሬዎች እጅግ ብዙ ነበሩ፤ ራዲዮናቸውም እንደ እኛ በባትሪ ነበር የሚሠራው። ለእነርሱ ሲባል ሁለቱን ሠራተኞች በአንድ ብርጭቆ ውስጥ የያዘ፥ ቍጥር 19 የተባለ ቫልቭ ተሠራ። ክላስ ቢ ከባለጠጋው ሳሎን ይልቅ የገበሬውን ቤት አስቀድሞ ያገለገለ ዘዴ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በሌላው ጫፍ፥ በጣቢያዎቹ ዘንድ፥ ያው ዘዴ በትልቅ መጠን ያስፈልግ ነበር። በዘመኑ በተለመደው አሠራር 100 ኪሎዋት የሚያሠራጭ አስተላላፊ፥ ድምፁን በሞገዱ ላይ ለመጫን ብቻ 50 ኪሎዋት የድምፅ ኀይል ይፈልጋል። ይህ በክላስ ኤ ቢሠራ ቀንና ሌሊት ቢያንስ 100 ኪሎዋት ይበላል። ስለዚህ ትልልቅ ጣቢያዎች ለዚህ ሥራ በፑሽፑል የተጣመሩ የክላስ ቢ ቫልቮችን መረጡ። በ1934 በአሜሪካ በሲንሲናቲ ከተማ 500 ኪሎዋት ማሠራጨት የጀመረው ደብሊዩ ኤል ደብሊዩ የተባለው ጣቢያ ከነዚህ አንዱ ነበር።

በአገራችንም ኀይለኛ ጣቢያ በአዲስ አበባ ተተከለ። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮን ጣቢያ በየካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ተመርቆ ተከፈተ። እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት የሆኑ ሁለት የአጭር ሞገድ አስተላላፊዎች ነበሩት፤ ድምፁም ከኢትዮጵያ አልፎ ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮችና ወደ እስያ ይደርስ ነበር። በመጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በወታደራዊው መንግሥት እስከ ተወረሰበት ቀን ድረስ ስብከትን ብቻ ሳይሆን ዜናን፥ ስለ ጤናና ስለ እርሻ የሚሰጥ ትምህርትንም ያሠራጭ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ለተማርን ልጆች የዚህ ጣቢያ ስም ከታላላቆቻችን አፍ የማይጠፋ ነው።

ከዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ መልካም ነው። ጣቢያ በመቶ ኪሎዋት ቢናገር፥ በጎባ ወይም በሮቤ ገበያ አጠገብ ባለች አንዲት ቤት ውስጥ ያለው የመጨረሻው መሣሪያ የሚያወጣው ግማሽ ዋት እንኳ የማይሞላ ድምፅ ነው። የዚያ ሁሉ ድካም ፍሬ የሚወሰነው በሁለት ትንንሽ ትራንዚስተሮች መቀባበል ነው። ስለ ልጅ ሕመም ወይም ስለ ከብት በሽታ የሚነገረው ምክር በቀስታ የተነገረ እንደ ሆነና መሣሪያው ቃሉን ቈርጦ ካስቀረው፥ መቶ ኪሎዋቱ ለዚያች ቤት ምንም አልጠቀመም።

፭፤ ትራንዚስተር በመጣ ጊዜ

በታኅሣሥ 1947 በቤል ላቦራቶሪ ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተን የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ፤ ከዊሊያም ሾክሊ ጋርም በ1956 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ቫልቭ ክሩን ለማጋል ብቻ ብዙ ኀይል ይበላ ነበር፤ ትራንዚስተር ግን ይህ የለበትም። ባለ ስድስት ትራንዚስተር ራዲዮኖች በብዛት ሲሠሩ፥ ሁለቱ የመጨረሻ ትራንዚስተሮች በፑሽፑል ተጣምረው ስፒከሩን የሚያንቀሳቅሱ ሆኑ። በአንድ እጅ የሚያዝ፥ በጥቂት ድንጋይ ለሳምንታት የሚናገር ራዲዮን በተራራም በቈላም ሊዳረስ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቢሆንም ትራንዚስተር የጥንቱን ችግር አባባሰው። ቫልቭ ሥራውን ሲጨርስ ቀስ እያለ ነው የሚያንቀላፋው፤ በሁለቱ መካከል ያለው መቀባበልም ለስላሳ ነው። በ1947 እንግሊዛዊው ዊሊያምሰን ያሳተመው ዝነኛ የቫልቭ አምፕሊፋየር፥ ከግብረ መልስ ጋር፥ በ15 ዋት ላይ መዛባቱ ከመቶ 0.1 አይበልጥም ነበር። ትራንዚስተር ግን በድንገት ይዘጋል። ድንገተኛው አዘጋግ የሚፈጥረው ጆሮን የሚቧጥጥ ድምፅ ነው።

በ1960ዎቹ ዓመታት ብዙ አድማጮች አዲሶቹን የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ሻካራ ናቸው እያሉ ነቀፏቸው። ፋብሪካዎቹ ግን በመለኪያ ተለክተው ጥሩ ሆነው ተገኝተዋል ብለው ይመልሱ ነበር። ሁለቱም እውነት ይናገሩ ነበር። መለኪያው ይደረግ የነበረው በሙሉ ኀይል ነው፤ በሙሉ ኀይል ደግሞ የሚቈረጠው ክፍል ከጠቅላላው ሲነጻጸር ከቍጥር የሚገባ አይደለም። ሰው ግን ራዲዮንን ወይም ሸክላን የሚያዳምጠው ብዙውን ጊዜ በዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ በዚያ ጊዜ ያው ክፍተት ትልቅ ይሆናል። ከዚህ ክርክር በኋላ መሐንዲሶች በትንሽ ድምፅም ጭምር መለካትን ተማሩ። የተለካው ነገር ትክክል ቢሆንም፥ የተለካበት ቦታ ትክክል ካልሆነ መልሱ እንደሚያሳስት ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የሁለቱ ሠራተኞች ባሕርይ አለመመሳሰልም ሌላ ችግር ነበር። በ1953 ጆርጅ ሲክላይ፥ አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች የሚሠሩ ተቃራኒ ዓይነት ትራንዚስተሮችን በማጣመር ያለ ትራንስፎርመር መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ነገር ግን በዚያ ዘመን የሁለተኛውን ዓይነት ኀይለኛ ትራንዚስተር በጥሩ አኳኋን መሥራት አይቻልም ነበር። በ1956 በቻይና የተወለደው ሁንግ ቻንግ ሊን ለጊዜው መፍትሔ ሰጠ፤ ሁለቱን ትልልቅ ትራንዚስተሮች አንድ ዓይነት አድርጎ፥ አንደኛውን በትንሽ ረዳት ትራንዚስተር በተቃራኒው እንዲሠራ አደረገው። ዘዴው ርካሽ ስለ ነበረ በዓለም ሁሉ ተስፋፋ፤ ሆኖም የሁለቱ ወገን አነሣሥ እኩል ስላልሆነ መቀባበሉ ላይ ሻካራነቱ ቀረ። በቅርብ የሚመሳሰል ጥንድ የተገኘው የሲሊከን ሥራ ከተሻሻለ በኋላ ነው።

፮፤ ከሳነቴ እስከ ደሎ መና

ባያስ አንድ ጊዜ ተስተካክሎ የሚቀር አይደለም። ጠላቱ ሙቀትና ብርድ ነው። ትራንዚስተር በሞቀ ቍጥር በቀላሉ ይነቃል፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈልገው ቮልቴጅ በ2 ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል።

ይህን ለመረዳት የራሳችንን መንገድ እንመልከት። ከጎባ፥ 2,700 ሜትር ከፍታ ገደማ ላይ ካለችው ከተማ፥ የተነሣ መኪና 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ተራራ አጠገብ በሳነቴ ሜዳ ላይ ያልፋል። ከዚያ ወደ ሃረና ደን ቍልቍል ወርዶ ደሎ መና ይደርሳል፤ የዚያ አገር ከፍታ 1,300 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ውርጭና ሐሩር ይገናኛሉ። በዚህ መኪና ላይ አንድ አምፕሊፋየር ተጭኗል እንበል። በሳነቴ ጧት 0 ዲግሪ፥ በደሎ መና ቀትር 30 ዲግሪ ቢሆን፥ ልዩነቱ ለአንድ ትራንዚስተር 60 ሚሊቮልት፥ ለሁለቱ 120 ሚሊቮልት ይሆናል። ይህ ለባያስ እጅግ ብዙ ነው። በደሎ መና ሙቀት የተስተካከለው አምፕሊፋየር በሳነቴ ብርድ ክፍተቱ ተከፍቶ ይንተባተባል። በሳነቴ የተስተካከለው ደግሞ በደሎ መና ከመጠን በላይ ከረንት ይስባል፤ ከረንቱ ያሞቀዋል፥ ሙቀቱ ከረንቱን ይጨምራል፥ እንዲህ እየተባባሰ ትራንዚስተሩ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች በተለይ በዚህ አደጋ ይታወቁ ነበር።

መፍትሔው ባያሱን የሚሰጠው ክፍል ራሱ ሙቀትን እንዲያውቅ ማድረግ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ የኪስ ራዲዮኖች ውስጥ ሲሞቅ ከረንትን በቀላሉ የሚያሳልፍ ቴርሚስተር የተባለ ዕቃ ገባ፤ ሙቀት ሲጨምር ባያሱን ይቀንሳል፥ ብርድ ሲሆን ይጨምራል። በኋላም ዳዮድ ወይም ሌላ ትንሽ ትራንዚስተር ትልልቆቹ ትራንዚስተሮች በታሰሩበት ሙቀት ማብረጃ ብረት ላይ አብሮ እንዲታሰር ተደረገ። ጓደኞቹ ሲሞቁ እርሱም ይሞቃል፥ ስለሚሞቅም የሚያስፈልጋቸውን ያህል ብቻ ይሰጣል። ከእያንዳንዱ ትራንዚስተር ጋር የሚገባው ትንሽ ሬዚስተርም ከረንቱ ከልክ እንዳያልፍ ይገታል። የችግሩን ተካፋይ ያደረጉት ዳኛ ፍርዱ ትክክል ሆነ ማለት ነው።

፯፤ ልኩ ስንት ነው?

ክፍተት መጥፎ ከሆነ ብዙ ባያስ መስጠት ጥሩ አይሆንምን? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ብዙ ሰዎችም እንዲሁ አስበው ነበር። በ1971 በሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የሚሠራው በርናርድ ኦሊቨር ነገሩን በሒሳብ መርምሮ መልስ ሰጠ። ባያሱ ከልኩ ሲያንስ ክፍተት ይፈጠራል። ከልኩ ሲበልጥ ደግሞ በዜሮ አጠገብ ሁለቱም በአንድነት ስለሚሠሩ በዚያ ቦታ ሥራው ይበረታል፥ ከዚያ አልፎ አንዱ ሲተኛ በድንገት ይደክማል። ይህም ሌላ መዛባት ነው። ትክክለኛው ልክ፥ በዕረፍት ጊዜ በእያንዳንዱ ትራንዚስተር ሬዚስተር ላይ 26 ሚሊቮልት ያህል ሲገኝ መሆኑን አሳየ። ከአንድ ባትሪ ድንጋይ ቮልቴጅ ሲነጻጸር ከሃምሳ እጅ አንዱን እንኳ የማያክል መጠን ነው። ሁለት መጋዝ ሳቢዎች አንዱ ሳይጨርስ ሌላው እጁን በቀስታ ያጠብቃል እንጂ፥ ሁለቱም በአንድነት አይጐትቱም።

ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1975፥ እንግሊዛውያኑ ፒተር ዎከርና ማይክል አልቢንሰን ለየት ያለ መንገድ አቀረቡ። ኳድ 405 በተባለው አምፕሊፋየራቸው ውስጥ ሁለቱ ትልልቅ ትራንዚስተሮች ምንም ባያስ አልተሰጣቸውም፤ ፈጽመው እንዲያንቀላፉ ተፈቀደላቸው። በአጠገባቸው ግን በክላስ ኤ የሚሠራ፥ ሁልጊዜ የነቃ አንድ ትንሽ አምፕሊፋየር ቆሞ፥ ክፍተቱ በተከፈተ ቍጥር ይሞላዋል። ትልቁ ኀይል ይቈጠባል፥ ንጹሑ ሥራ በትንሹ ይሠራል። ሙቀትን እየተከታተሉ ማስተካከልም አላስፈለገም።

፰፤ ማጠቃለያ

ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ቴሌፎን ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር ብዙውን ጊዜ ክላስ ዲ የሚባለው ነው። በእርሱ ትራንዚስተሮቹ ሞገዱን በቀጥታ አይከተሉም፤ በሰከንድ ውስጥ በመቶ ሺሕዎች ጊዜ ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ቢሆንም ሁለቱ በአንድ ጊዜ ተከፍተው ባትሪውን እንዳያቃጥሉት፥ አንዱ ከተዘጋ በኋላ ሌላው እስኪከፈት ድረስ እጅግ አጭር የሆነ ጊዜ መተው ግድ ነው። ያቺ አጭር ጊዜ ደግሞ እንደ ጥንቱ ሞገዱን በጥቂቱ ታዛባለች። የሁለቱ ተቀባባዮች ክፍተት ከመቶ ዓመት በኋላም ጠበበ እንጂ አልጠፋም።

ከታሪኩ እኛ የተረዳነው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሥራን ለሁለት ማካፈል ኀይልን ይቈጥባል፤ ነገር ግን ቍጠባው የሚያምረው በመቀባበያው ላይ ተገቢው ጥቂት ዋጋ የተከፈለ እንደ ሆነ ነው። ምንም አልከፍልም ያለ ቃሉ ይቈረጥበታል፤ ከልክ በላይ የከፈለም ባትሪውን ያቃጥላል። ይህን ልክ ለማግኘት የቴሌፎን መሐንዲስ፥ የገበሬ ራዲዮን ሠሪ፥ የሒሳብ ዐዋቂ፥ እያንዳንዱ ከፊተኛው ተቀብሎ ለኋለኛው አቀበለ።

በባሌ ገጠር ኤሌክትሪክ ያልገባባቸው ብዙ ቀበሌዎች ዛሬም አሉ። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ድንጋይ ወይም በፀሐይ የሚሞላ ባትሪ የሚለካው በብር ነው፥ የሚሰማው ቃል ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከብር ይበልጣል። ከእኛ መካከል ነገ ምሕንድስና የሚማሩ ይኖራሉ። መሣሪያ ሲሠሩ በሙሉ ኀይልና በአዲስ ባትሪ ብቻ እንዳይለኩት እንለምናቸዋለን። በሳነቴ ብርድ፥ በደከመ ድንጋይ፥ ድምፁ ዝቅ ባለበት ጊዜም ይለኩት። ራዲዮን በእውነት የሚፈተነው በዚያ ነውና።